የማኅበሩ ጫጩቶች

ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ ምራት ሕይወት በጠዋት መጥታ በሬን አንኳኳች። «እማማ አስካለ፣ እባክዎ አንዴ ይምጡልኝ፤ ጫጩቶቼን ደም እያስቀመጣቸው ነው» አለችኝ። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ተከተልኳት። ግቢዋ ጥግ ላይ በቆርቆሮ የከለለቻትን ክፍል ስትከፍት ሽታው ፊቴን መታኝ። የረጠበ ሰጋቱራ፣ ፉሩሽካ፣ የላባ ሙቀት፣ ከሁሉም ሥር ደግሞ ዝገት ዝገት የሚል የደም ሽታ። ጫጩቶቹ ክንፋቸውን ጥለው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተጠግተው ቆመዋል። ጎንበስ ማለት እንኳን አላስፈለገኝም። የምትገዛውን መድኃኒት ነገርኳትና መሃል ከተማ ካለው የእንስሳት መድኃኒት ቤት በባጃጅ ደርሳ እስክትመለስ እርጥቡን ጉዝጓዝ በአካፋ እየዛቅኩ አወጣሁላት። ስትመለስ በዚህ ዕድሜዬ አካፋ ይዤ ብታየኝ አፈረች። «ይተዉት እማማ፣ እኔ እሠራዋለሁ» አለችና አካፋውን ተቀበለችኝ። መድኃኒቱን በውሃ በጥብጠን ካቀረብንላቸው በኋላ «ይህን ሁሉ ከየት ተማሩት?» ብላ ጠየቀችኝ። «ድሮ ነው» አልኳት።

ቤቴ ገብቼ እጄን ደጋግሜ ታጠብኩ፤ ሽታው አልለቀቀኝም። ሰው ትዝታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል፣ እንባው ይቀርባል ሲሉ እሰማለሁ። የኔ እንዲያ አይደለም። ተቀምጠውበት እንደደነዘዘ እግር ነው፤ እንዳለ አውቃለሁ፣ ስነካው ግን የሌላ ሰው ነው የሚመስለኝ። እንዲሁ ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ ያንን ዘመን ሳየው ቆየሁ።

ያኔ ከተማዋ አዋሳ ነበረች፤ «አ»ዋ በ«ሀ» ተተክታ ሀዋሳ የተባለችው ኋላ ነው። ከደብረ ብርሃን በሙሽርነት ስመጣ ዛሬ አዲስ ከተማ የምንለው ወገን ቤቱ ከቤት ይራራቅ ነበር፤ በመሃል በቆሎ ይዘራበታል። አስፋልቱን ወረድ ሲሉ መንገዱ ሁሉ አሸዋ ነው። ታክሲ ብሎ ነገር የለም፤ ያለው የፈረስ ጋሪና ብስክሌት ነው። ጋሪ ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ በዋርካዎቹ ሥር መሄድን የመሰለ ነገር አልነበረም፤ በዐሥራ አምስት ሳንቲም ከገበያ ቤቴ ድረስ ያደርሰኛል። እሁድ ጠዋት ከባለቤቴ ከደምሴ ጋር ወደ አሞራ ገደል እንወርዳለን። ዓሣ አጥማጆቹ ከሸምበቆ በተሠራ ታንኳ ከሐይቁ ሲወጡ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች እንደ ሽማግሌ ዳኛ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ በቃጫ ተሰክቶ ይሸጣል። ደምሴ ዓሣውን በአንድ እጁ አንጠልጥሎ፣ ሌላ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ፣ በሐይቁ ዳር ያለውን መንገድ ይዘን እንመለሳለን። ከታች ሰፋ ያለ ቡና ዓይነት ሱሪ ነበረችው፤ ፀጉሩን ያኔ እንደሚደረገው ጎፈር አድርጎ በእንጨት ሚዶ ያበጥረዋል። እኔ ቴትሮን ቀሚስ፣ በላዩ ቀይ ሹራብ። ከሐይቁ ዳር ካለው ሆቴል የሙዚቃ ድምፅ ይሰማል፤ ነፋሱ አንዴ ያቀርበዋል፣ አንዴ ይወስደዋል። ሬዲዮ ሲከፈት ግን የሚበዛው ሰልፍ የሚያስረግጠው ዓይነት መዝሙር ነበር። ደምሴ ሬዲዮኑን ዝቅ ያደርግና ራሱ ያፏጫል። ጥሩ አፏጫጨት ነበረው።

ደምሴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር። ትልቅ የጭነት መኪና ነበር የሚይዘው። አንድ ክረምት ሊገባ ሲል እሱና አንድ ጓደኛው ከነመኪኖቻቸው ወደ ሰሜን ታዘዙ። ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ የነገራቸው የለም፤ እነሱም አልጠየቁም፤ ያኔ የሚጠየቅ ነገር አልነበረም። ሲሄድ ካኪ ጃኬቱን ለብሶ፣ ከበሩ ላይ ዞር ብሎ «የጓዳው ጣሪያ እንዳያፈስ፣ ሰው ጠርተሽ አስመቺው» አለኝ። ያለኝ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲህ የተሻለ ነገር ብሎኝ ቢሆን ብዬ አስቤ ነበር፤ ግን ሰው እንዲህ ነው የሚለያየው።

ጓዳ ያለው ከዋናው ቤት ጀርባ የነበረችውን ክፍል ነው፤ ጎማና ዘይት የሚያስቀምጥባት። እሱ ከሄደ በኋላ ባዶ ቀረች። የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር በዚያ ሰሞን የዶሮ እርባታ ሊጀምር ተነሳ። ከከተማው ወጣ ብሎ ከነበረው የዶሮ ማባዣ የነጭ ፈረንጅ ዶሮ ጫጩቶች ሊሰጡን ሆነ፤ ሲያድጉ እንቁላሉ በቀበሌው ሱቅ ለአባላት ሊከፋፈል። ማሳደጊያ ቤት ሲፈለግ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ጓድ ስንቅነሽ ግቢዬን አይታ «የጓድ አስካለ ክፍል ይበቃል» አለች፣ ተጨበጨበ። ጓድ ስንቅነሽ ቁመተ ረጅም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች፤ ካኪ ጉርድና ሸራ ጫማ ነበር የምታዘወትረው። ስትናገር አንድ ሰው ፊት ብትቆምም አደባባይ የቆመች ይመስላታል። አብራኝ እንድትሠራ የተመደበችው ደግሞ ከአጥሬ ወዲያ የነበረችው ማርታ ነች።

ማርታ የሲዳማ ልጅ ነች፤ ከይርጋለም አካባቢ ነው የመጣችው። ባሏ ሳሙኤል ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የሚሠራው። ጴንጤዎች ነበሩ። ጸሎት ቤታቸው ከታሸገ ቆይቷል፤ በየቤቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር የሚዘምሩት። ማርታ ልብስ ስታጥብ አፏ ሳይከፈት የሚወጣ ዜማ ነበራት፤ ቃል የሌለው፣ እምምም የሚል ብቻ። አማርኛዋ ያኔ ገና ነበር፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትለዋለች። እኔንም «አስካለ፣ አንተ በልተሃል?» ስትለኝ መጀመሪያ እስቅ ነበር። ኋላ እኔም ለመድኩት፤ ሌላ ሰው «አንቺ» ሲለኝ እንግዳ እስኪመስለኝ።

ጫጩቶቹ በካርቶን መጡ። ካርቶኑ ጎን ለጎን ተበሳስቶ ምንቃራቸው በቀዳዳው ይወጣል። ከሰል አቀጣጥለን፣ ጭሱን ውጭ ጨርሰን፣ ምድጃውን በሽቦ ከልለን መሃል ላይ አኖርን። ከእንጨት መሰንጠቂያው ያመጣነውን ሰጋቱራ ወለሉ ላይ ነሰነስን። ለውሃ የወተት ቆርቆሮ ጎኑን በስተን ሳህን ላይ ደፋንላቸው። ቢጫ ነበሩ፤ አንድ ላይ ሲንቀሳቀሱ ወለሉ ራሱ የሚሄድ ይመስላል። ቤቱ ድምፅ አገኘ። ከደምሴ ወሬ ባይመጣም ጠዋት ስነሳ የሚጠብቀኝ ነገር ነበረ፤ ፉሩሽካ ማቡካት፣ ውሃ መቀየር፣ ብርድ እንዳይመታቸው ከሰሉን ማየት። ማርታ ከጓሮዋ ጎመን ቀንጥሳ ታመጣና በጣም አድቅቃ ትከትፍላቸዋለች። «እነዚህ ከልጅ ይብሳሉ» ትላለች። እሷም እኔም ገና አልወለድንም ነበር።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ በረታ። ጣሪያውን አላስመታሁትም ነበር፤ ማን ቆርቆሮ ያገኛል ያኔ? ውሃው በአንድ ጥግ ሰርጎ ገባና ሰጋቱራውን አረጠበው። ዝናቡ ሲያባራ እናወጣዋለን እያልን ሳለ አንድ ቀን ጠዋት ማርታ ቀድማኝ ገብታ ኖሮ «አስካለ፣ ና! ደም አለ!» ብላ ጮኸች። ነጩ ጉዝጓዝ ላይ እንደ ቲማቲም ልጣጭ ተረጭቷል። ብዙዎቹ ራሳቸውን ቀብረው ቆመዋል፤ የሞቱም ነበሩ።

ጋሪ ተሳፍሬ ወደ ግብርና ቢሮ ሄድኩ። የእንስሳት ጤና ባለሙያው አቶ ግርማ ይባል ነበር፤ ቀጭን፣ መነጽር የሚያደርግ፣ ሲናገር ጉሮሮውን ደጋግሞ የሚያጠራ ሰው። ብስክሌቱን እየገፋ አብሮኝ መጣ፤ ጋዜጣ ላይ አንዱን የሞተ ጫጩት በምላጭ ከፈተው። «እነዚህን ሁለቱን አያችኋቸው? ዕውር አንጀት ይባላሉ» አለን። በጥቁር ደም ተወጥረው እንደ ቋሊማ ሆነዋል። ዛሬ የመድኃኒት ቤት ልጆቹ ኮክሲ ይሉታል፤ ያኔ እኛ ደም ተቅማጥ ነበር የምንለው።

«መርዝ ነው?» አለች ማርታ። ፍርሃቷ ገብቶኛል። በዚያ ጊዜ የሕዝብ ንብረት ሲጠፋ አሻጥር ይባላል፤ አሻጥር ከተባለ ደግሞ የማን ስም ቀድሞ እንደሚነሳ የታሸገ ጸሎት ቤት ያላት ሴት ታውቃለች።

«የምን መርዝ! እርጥበት ነው» አለ አቶ ግርማ። «በሽታው ከኩሳቸው ይወጣል፣ እርጥብና ሙቀት ሲያገኝ ይበረታል፣ መልሰው ይለቅሙታል። ሊቀ መንበሯ ከጠየቀች እኔ እነግራታለሁ።» ከቦርሳው የዱቄት መድኃኒት አወጣ። በንጹሕ ውሃ እንድንበጠብጠው፣ ሌላ ውሃ እንዳያገኙ፣ ያደረውን ደፍተን በየቀኑ አዲስ እንድንሠራ ነገረን። እርጥቡ ጉዝጓዝ ወጥቶ ይቃጠል፣ የታመመው ከጤነኛው ይለይ፣ የሞተው በጥልቅ ይቀበር፤ ለውሻም ለአሞራም አይጣል። ወደ ሌላ ቤትም እንዳይወሰዱ፤ በሽታው በእግርና በጫማ ይሄዳል። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገና «ከዚህ የተረፈው በዚሁ በሽታ ዳግመኛ አይሞትም። የሚተርፈውን ለማትረፍ ነው መሥራት» አለ።

እንግዲህ ሠራን። ማርታ በአካፋ ታወጣለች፣ እኔ እነሰንሳለሁ። ለደረቅ ሰጋቱራ መሰንጠቂያው ድረስ እየሄድን በማዳበሪያ ከረጢት እንሸከማለን። የሚያፈሰውን ጣሪያ ሳሙኤል ከፋብሪካ ሲመለስ ወጥቶ በሬንጅ ደፈነልን። ከጽድ አጥሩ ሥር ጉድጓድ ቆፍረን የሞቱትን እየቀበርን ኖራ እናለብሳቸዋለን። መጠጣት ያልቻለውን እጄ ላይ አድርጌ ምንቃሩን መድኃኒቱ ውስጥ ነከር አደርገዋለሁ፤ አንገቱን ቀና ሲያደርግ ዋጠ ማለት ነው።

ፈቃደ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ፈቃደ ከደምሴ ጋር አብሮ የታዘዘው ሾፌር ነው፤ ሠርጋችን ላይ ሚዜ ነበር። ክፍሉ በር ላይ ጥላ ሲያርፍ ቀና ብዬ አየሁት። ግራ እጁ በጨርቅ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ፀጉሩ ተላጭቷል። አላወቅኩትም ነበር፤ «አስካለ» ሲለኝ ነው ያወቅኩት።

«ነይ እስቲ፣ ቁጭ እንበል» አለኝ።

«አንተ ቁጭ በል። እኔ ውሃቸውን ልቀይር፣ ያደረው አይሠራም» አልኩት።

«አስካለ…»

«እሰማሃለሁ። ተናገር።»

በሩ ላይ ባለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እኔ የመጀመሪያውን ቆርቆሮ አነሳሁ፤ ያደረውን ደፋሁ፣ በአመድ ፈተግኩት።

«ከፊቴ ነበር» አለ። «እኔ ከኋላው ነበርኩ። ፈንጂ ረገጠ። ነዳጅ ነበር የጫነው።»

ሁለተኛውን ቆርቆሮ አነሳሁ። እሱንም በአመድ ፈተግኩት፤ ጎኑ ላይ አረንጓዴ ነገር ይዞ ነበር፣ በጥፍሬ አስለቀቅኩት።

«ልደርስለት ሞከርኩ። ይኸው እጄ። እሳቱ አላስጠጋኝም» አለ።

«ቀበራችሁት?» አልኩት።

«እሳቱ እስኪበርድ አላቆዩንም። መንገዱ ይዘጋል ተባለና ሄድን።»

«እሺ» አልኩ።

ዱቄቱን ለካሁ፣ በጠበጥኩ፣ ሳህኑ ላይ ደፋሁ። ቀልቤ ሁሉ እንዳይንጠባጠብ ነበር፤ ከተንጠባጠበ ጉዝጓዙ ይረጥባላ። ፈቃደ ያለቅሳል። ወንድ ልጅ እንዲያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ግን እንደ ሩቅ ሰው ነበር የማየው፣ ከመኪና መስኮት መንገድ ዳር የቆመ ሰው እንደሚታየው። «እኔ እንደነገርኩሽ እንዳታወሪ፤ ወሬ አቀበለ ተብዬ ይወስዱኛል። ግን ከሌላ ሰው አፍ እንድትሰሚው አልፈለግኩም» አለ። «ገባኝ። እግዜር ይስጥህ» አልኩት። በር ድረስ ሸኘሁት። ጎረቤት እንዳየን ስላወቅኩ «ደህና ዋል፣ ለቤተሰብ ሰላም በልልኝ» አልኩ ጮክ ብዬ።

ማርታ የከተፈችውን ጎመን ይዛ ስትገባ ነገርኳት። ጎመኑን መሬት አስቀመጠችና አፏን በሁለት እጇ ያዘች። «አልቅስ» አለችኝ። «አስካለ፣ አልቅስ! እኔ በር እዘጋለሁ።» «አልመጣልኝም» አልኳት። እውነት ነው፣ አልመጣልኝም። ደረቴን አዳመጥኩት፤ ምንም የለም። አጎንብሼ ጎመኑን አነሳሁና ለጤነኞቹ በተንኩ።

ወሬው ግን በራሱ እግር ሄደ፤ ደምሴ ብቻውን አልነበረማ የሞተው። የእድራችን ዳኛ አቶ መንገሻ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው መጡ። ደህና ሰው ነበሩ። እኔን ላለማየት ጣሪያውን እያዩ «ልጄ፣ ድንኳኑ አለ፣ ወንበሩም አለ። ግን ከመንግሥት የመጣ ነገር ሳይኖር ብንተክል ማነው ሞተ ያላችሁ ይሉናል» አሉ። «ማን ሞተ አለዎት?» አልኳቸው። ለመሳደብ አልነበረም፤ እንደ ፈቃደ ያለ ሰው እንዳይጎዳ ነው። እሳቸው ግን ከንፈራቸውን ነክሰው ወጡ። ሰዎች በመንገድ ሲያገኙኝ ከወትሮው ረዘም አድርገው እጄን ይይዙኛል፤ ከዚያ ስለ ስኳር ሰልፍ ያወራሉ። ጥቁር አልለበስኩም። ፀጉሬን አልተላጨሁም። ቀይ ሹራቤን ለብሼ ፉሩሽካ ልገዛ እሄዳለሁ። አንዳንዶቹ ልብ የላትም አሉ፤ አንዳንዶቹ አብዳለች አሉ። ሁለቱንም ሰማሁ፤ ሁለቱም ስለ ሌላ ሴት የሚወራ መሰለኝ።

ጥቂት ቆይቶ ጓድ ስንቅነሽ ከሁለት የማኅበሩ ሴቶች ጋር መጣች። ባዶ ካርቶን ይዘዋል።

«ጓድ አስካለ፣ የማኅበሩን ጫጩቶች ወደ ሌላ ቤት ልናዛውር ወስነናል» አለች።

«ለምን?»

«ከአንቺ ሸክሙን ለማቃለል ነው።»

«ምን ሆንኩና?»

ጓድ ስንቅነሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። «እንግዲህ ስለ አንቺ የሚወራ ነገር አለ።»

«ምንድን ነው የሚወራው?»

አየችኝ። ያልተረጋገጠ ወሬ አትንዙ እያለች በስብሰባ የምትጮኸው እሷ ራሷ ነች፤ ባልሽ ሞቷል ብትለኝ ወሬውን የነዛችው እሷ ልትሆን ነው። ሁለቱ ሴቶች መሬት መሬት ያያሉ። እኔ አጠገቤ የነበረችውን የማርታን ክንድ ይዤ ቆሜያለሁ። እነዚያን ጫጩቶች ቢወስዱብኝ በማግስቱ ጠዋት ለምን እንደምነሳ አላውቅም ነበር። የማውቀው ያንን ብቻ ነው።

«እንግዲያው ምንም አልሆንኩም። አቶ ግርማም ከዚህ እንዳይንቀሳቀሱ ብሏል፤ የሄዱበትን ቤት ዶሮ ሁሉ ይጨርሳሉ። ጠይቁት» አልኳት።

ካርቶኑን ከአንዷ ሴት እጅ ተቀበለችና አጣጠፈችው። ሌሎቹን «እናንተ ቅደሙ» ብላ ሸኘችና ወደኔ ዞረች። ድምፅዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቤት ውስጥ የሚሰማ ድምፅ ሆነ። «የኔም ልጅ እዚያው ነው ያለው» አለችኝ። ከዚያ ጫማዋን በር ላይ አወለቀች፣ በባዶ እግሯ ገብታ ጫጩቶቹን አይታ ሄደች። በማግስቱ ከቀበሌ ሱቅ በቀላሉ የማይገኝ ሳሙና በሰው እጅ ላከችልኝ። ልጇ ይመለስ አይመለስ አላወቅኩም፤ ወዲያው ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛወረች።

ደሙ ቀስ በቀስ ቆመ። አንድ ጠዋት ጉዝጓዙ ንጹሕ ሆኖ አገኘነው፤ በማግስቱም እንዲሁ። ከግማሽ የሚበልጡት ተርፈዋል። መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ክፍሉን እንደገና አሰናዳነው። ሁሉንም ወደ ውጭ አጥር አውጥተን ወለሉን እስከ አፈሩ ፋቅን፣ የፋቅነውን አቃጠልን፣ ግድግዳውን በኖራ ቀባን፣ በሩንና መስኮቱን ከፍተን ፀሐይ አስገባንበት። በበሩ ላይ ለብቻው የሚቀመጥ ጫማ አኖርን። ውሃው መሬት እንዳይነካ ቆርቆሮውን በሽቦ ማቀፊያ ላይ አወጣነው። ማርታ እየሠራች ያንን ቃል የሌለውን ዜማ ታሰማለች። አንድ ጊዜ እኔም ሳላውቀው አብሬያት እምምም እል ነበርና ቀና ብላ ስታየኝ አቆምኩ። ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ ጸሎት ቤታቸው ተከፍቶ እሷ በመዘምራን ልብስ ስትቆም፣ ያ ዜማ ቃል እንዳለው ሰማሁ። ያኔ ግን እምምም ብቻ ነበር።

ነጭ ሆኑ፤ ክንፍ አወጡ፤ አናታቸው ላይ ቀይ ኩክኒ አበቀሉ። ሴቶቹ ዶሮዎች ጥር ላይ እንቁላል መጣል ጀመሩ። ማኅበሩ ተሰብስቦ ተጨበጨበልን፣ ፎቶ አንሺም መጥቶ አነሳን፤ ፎቶው ላይ ማርታ ትስቃለች፣ እኔ ግን የቆመ ዕቃ እመስላለሁ። አውራዎቹ ለፋሲካ ለአባላት እንዲታደሉ ሆነ። ለእኔም አንድ ደረሰኝ፤ ትልቅ፣ ደረቱን የሚነፋ አውራ።

የፋሲካ ዋዜማ ቅዳሜ ከሰዓት ሽንኩርቴን ከትፌ፣ በርበሬዬን አቁላልቼ፣ ውሃ ጥጄ፣ አውራውን ይዤ ቢላዋውን አነሳሁ። እዚያ ላይ ቆምኩ። ዶሮ የሚያርድ ወንድ ነው። ሴት አታርድም፤ ወንድ የሌለበት ቤት በር ላይ ወጥቶ አላፊ አግዳሚ ይለምናል። ሳሙኤል እንደሆነ ፈረቃ ገብቶ ነበር። በአንድ እጄ ዶሮውን በክንፎቹ፣ በሌላው ቢላዋውን ይዤ ከበሬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ በየበሩ የሚያርዱ ባሎች አሉ። ዓይኔን ከነሱ አሸሸሁና ከማላውቀው ሰው ብጠይቅ ይሻለኛል አልኩ።

አንድ ሽማግሌ ባለ ጋሪ ባዶ ጋሪውን እየነዳ መጣ። «አባቴ፣ እባክዎ ይረዱልኝ» አልኩት። ፈረሱን አቆመ፣ ወረደ፣ ቢላዋውን ተቀብሎ ስለቱን በአውራ ጣቱ ሞከረ።

«ምነው ልጄ፣ ባለቤትሽ ለበዓል አልመጣም?» አለኝ።

«ሞቷል» አልኩ።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ያን ሁሉ ወር ለማንም አላልኩትም ነበር፤ ለማርታ እንኳን «ፈቃደ እንዲህ አለኝ» ነበር ያልኳት። ሽማግሌው ቢላዋውን ዝቅ አደረገ። ቆቡን አወለቀ። «ነፍሱን በገነት ያኑራት። እግዜር ያጥናሽ ልጄ» አለኝ። እንዲህ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው ነው። ማንነቴን አያውቅም፣ ማን ምን እንደከለከለም አያውቅም፤ ሰው ሞተ ሲባል የሚባለውን ነው ያለው። ከዚያ ዶሮውን ተቀበለኝና ወደ ምሥራቅ አዞረው፣ በስመ አብ ብሎ አረደልኝ። እጁን አስታጠብኩት። ይግቡና ይቅመሱልኝ ብለው እንቢ አለ፤ ጋሪው ላይ ወጥቶ ሄደ።

ጓሮ ገብቼ ዶሮውን የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩና ላባውን መንጨት ጀመርኩ። ትንሽ እንደነጨሁ እጄ ቆመ። ከዚያ የራሴ ድምፅ መጣ፤ ከየት እንደሚወጣ አላውቀውም ነበር። ማርታ ከአጥሩ ወዲያ ሰምታኝ ሮጣ መጣች። ምን ሆንክ አላለችኝም። አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አለች፣ ዶሮውን ከጭኔ ላይ ወሰደች፣ እኔ ሳለቅስ የቀረውን ላባ ነጨችልኝ።